የደቂቃ ሂሳብ፦ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ማንበብ

የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ያልቃሉ። ሁለት ናቸው። አንዱ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አስመራ ውስጥ፣ የስዊድን ሚሲዮን ባሳተመው «ብርሃን ይሁን» ላይ የወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ነው። ሌላው ደራሲው ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሁለቱን በአንድ ላይ ስላሳተማቸው ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ የሚፈልግ ሰው ማነሱ ነው። የታሪክና የኢኮኖሚክስ ሰዎች ስሙን ያውቁታል። በእኔ ዕድሜ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ «ገብረሕይወት» ካልኩ ግን የሚመጣልኝ ጥያቄ «የትኛው ገብረሕይወት?» የሚል ነው።

የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ምሕንድስና ተምሬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። አሁን የምሠራው መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የምርት መከታተያ ሶፍትዌር ነው። መጽሐፉን ያነበብኩት በምሳ ሰዓትና በሰርቪስ ላይ፣ እየቆራረጥኩ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው የእኔን ዳታቤዝ የሚያውቅ ያህል ሆኖ ስላገኘሁት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ሰውዬው። «አንቱ» ልበለው ብዬ ነበር፤ ግን ሲሞት ገና 33 ዓመት ገደማው ነበር፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። የተወለደው በ1878 ዓ.ም. ዐድዋ አካባቢ ነው። ያ ማለት ሕፃን ሳለ ሁለት መዓት ወርዶበታል ማለት ነው፤ በ1881 አጤ ዮሐንስ የወደቁበት የመተማ ጦርነትና ከብቱን ሁሉ የፈጀው ክፉ ቀን። አባቱ መተማ ላይ እንደሞተ ይነገራል። ልጁ እንደ ብዙ የዘመኑ ልጆች ወደ ባሕሩ ተሰደደና ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ነው የሚመስለው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት፣ ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ለማየት ገብቶ እዚያው ተደብቆ ቀረ፤ መርከቧም ይዛው ሄደች። አንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደገው፣ ጀርመንኛ ተማረ፣ በርሊን ሕክምና እንዳጠናም ይነገራል።

ወደ አገሩ የተመለሰው የጀርመኖች አስተርጓሚ ሆኖ ነው፤ በዚያው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ታመው ነበር፤ በአልጋው ዙሪያ ሽኩቻው ጦፏል። ገብረሕይወት ሽኩቻው ካባረራቸው ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በሱዳንና በኤርትራ በኩል ተንከራተተ። የመጀመሪያው ጽሑፉ የዚህ የመንከራተት ዘመን ፍሬ ነው። በልጅ ኢያሱ ጊዜ ተመልሶ የባቡር መሥመሩ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም በሐረር በኩል ነጋድራስ ሆኖ ተሾመ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ ቀረጡም፣ የንግድ ክርክሩም በእጁ ነው። በ1911 ዓ.ም. አረፈ።

ይህ የሥራ ታሪክ ለመጽሐፉ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቹ የዘመኑ ደራሲዎቻችን አገራቸውን ያዩዋት ከቤተ ክህነት ወይም ከቤተ መንግሥት ሆነው ነው። ገብረሕይወት ጉምሩክ በር ላይ ቆሞ አያት። ምን ወጣ? ምን ገባ? በባቡሩ ወደ ጅቡቲ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። በዚያው ባቡር አቡጀዲ፣ ጠመንጃና የፋብሪካ ዕቃ ይመጣል። ብዙ ሰው በዚያ በር አልፏል። እሱ ግን ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህ ልውውጥ ሲደጋገም ማን ነው እየከበረ የሚሄደው?

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የወጣት ቁጣ ያለበት አጭር ጽሑፍ ነው። ያለፉትን ነገሥታት እየዞረ ይመረምራል፤ ለሚመጣው መሪ ደግሞ ምክር ይደረድራል። ግብሩ የታወቀና የተቆረጠ ይሁን፤ የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ ገንዘብ ይለይ፤ ሕግ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ የገንዘቡ ሥርዓት ይስተካከል። አርአያው ጃፓን ናት። ታሪክ ጸሐፊዎችንም አይምርም። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን አስተውሎ የሚያይ፣ ሳያዳላ የሚፈርድና በግልጽ ቋንቋ የሚጽፍ መሆን አለበት ይላል፤ የእኛዎቹ በሦስቱም ይበድላሉ ባይ ነው። ትግራይን ሲያነሳ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። በማያባራ ጦርነት ምክንያት የአገሩ ሰው በየአቅጣጫው መበተኑን ሲጽፍ፣ ራሱም ከተበተኑት አንዱ መሆኑ ይሰማል። ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ የት የት እንዳሉ ስቆጥር ያቺ ገጽ ትመጣብኛለች።

ሁለተኛው መጽሐፍ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነው፤ ያውም በዚያ ዘመን በአማርኛ። የሚያስገርመኝ ቃላቱ ናቸው። ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አልነበረውም። ስለዚህ ገበሬም ነጋዴም በሚያውቃቸው ቃላት ሠራው፤ ሀብት፣ ሥራ፣ ድካም፣ ንግድ፣ ዕውቀት፣ አእምሮ። እኛ ዛሬ «ምርታማነት» እያልን የምንወጠርበትን ነገር እሱ ድካምና ዕውቀት ብሎ በሁለት ቃል ያልፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል እንጂ ሐሳቡ አይደበቅም።

ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ሀብት ከሥራ ይመጣል። ሥራ ግን እኩል አያፈራም፤ መሣሪያና ዕውቀት ያለው ሰው በጥቂት ድካም ብዙ ያፈራል፣ የሌለው በብዙ ድካም ጥቂት ያፈራል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ድካማቸውንም ይለዋወጣሉ። ምሳሌውን እኔ ልጨምርበት። አንድ ሰው ቆዳ ለማድረስ አሥር ቀን ቢደክምና በለውጡ የሚያገኘው ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በግማሽ ቀን የተሠራ ቢሆን፣ በገበያው ዋጋ ማንም ማንንም አላታለለም። በድካም ሂሳብ ግን አሥር ቀን ሄዶ ግማሽ ቀን መጥቷል። ይህ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አንዱ አገር በትርፍ ጊዜው ይማራል፣ መሣሪያውን ያሻሽላል፤ ሌላው ደግሞ ባለበት ለመቆየት ብቻ የበለጠ ይደክማል። በመጨረሻ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ነፃነቱንም ይዞ መቆየት አይችልም ነው የገብረሕይወት ማስጠንቀቂያ። ይህን የሚለው ዐድዋ ላይ ድል ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ፣ ሌላው ሁሉ ገና ስለ ድሉ በሚያወራበት ጊዜ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህ ሐሳብ የሚያውቁት ነገር ይሆንባቸዋል። ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች በንግዱ ለምን እንደሚጎዱ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው። ክርክራቸው በዋጋ ላይ የቆመ ስለሆነ መንገዱ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ዘመድ ነው። ገብረሕይወት በዚያን ጊዜ ከሞተ 30 ዓመት አልፎታል። «እኛ ቀድመን አገኘነው» ለማለት አይደለም፤ ያ ወሬ ይሰለቻል። በጀርመንኛ የተማረ ሰው ነው። ጀርመኖች ደግሞ ከእንግሊዝ ፋብሪካ ጋር ሲወዳደሩ የራሳቸውን ኢንዱስትሪ በቀረጥ ስለመጠበቅ ከፍሪድሪክ ሊስት ጊዜ ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። ያንን አየር ተንፍሶ መጥቶ ጉምሩክ በር ላይ ቆመ። ሐሳቡ ከአውሮፓ ቢመጣም ያያቸው ግመሎችና ፉርጎዎች ግን የእኛ ናቸው።

አሁን ወደ ፓርኩ እንምጣ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የተሠራው በዋናነት ለልብስ ስፌት ነው፤ ረጃጅም ሼዶች፣ በየሼዱ የተደረደሩ ላይኖች፣ በየላይኑ የተቀመጡ ኦፕሬተሮች። በልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሁሉ ነገር መለኪያ ደቂቃ ነው። ኮሌታ ለመስፋት ይህን ያህል ደቂቃ፣ እጅጌ ለመግጠም ይህን ያህል፣ ቁልፍ ለመትከል ይህን ያህል ተብሎ ለእያንዳንዱ ሥራ መደበኛ ጊዜ ተቆርጦለታል። የእኔ ሶፍትዌር የሚሠራው ይህንኑ መደመርና ማካፈል ነው።

ለምሳሌ አንድ ላይን 30 ኦፕሬተር ቢኖረው፣ በ8 ሰዓት ፈረቃ 14,400 ደቂቃ ይገኛል። የአንድ ሸሚዝ መደበኛ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው ብንል፣ ላይኑ ያለ ምንም ብክነት ቢሠራ 720 ሸሚዝ ያወጣል። 360 ካወጣ ውጤታማነቱ 50 በመቶ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ቀይ ይበራል፣ ሱፐርቫይዘሩም ይመጣል። ሥርዓቱ የሰውን ድካም እስከ ደቂቃ ክፍልፋይ ድረስ ያውቀዋል። ገብረሕይወት በቀን የቆጠረውን እኛ በደቂቃ እንቆጥረዋለን። ልዩነቱ ሂሳቡ የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። የእኔ ሰሌዳ የሚቆጥረው የወጣውን ደቂቃ ነው። በለውጡ የሌላ አገር ሰው ስንት ደቂቃ ገባ የሚል ዓምድ የለውም።

ያን ዓምድ ለመሙላት ሞክሩ እስቲ። በግንቦት 2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሐዋሳን አይተው ባወጡት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለዋል። አንድ ሱሪ ውጭ አገር ሱቅ ውስጥ በ26 ዶላር ቢሰቀል፣ ዋጋው የአንዲት ልጅ የወር ድካም ነው ማለት ነው። እሷ በዚያ ወር ውስጥ ስንት ሱሪ ነክታለች? ቀሪው ዋጋ የት ሄደ? ጨርቁ፣ ክሩና ዚፑ በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ነው። ንድፉ የተሳለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙም የሌላ ነው። መርከቡና ሱቁም እንደዚያው። ገብረሕይወት ቢሆን በአንድ ቃል ይጠቀልለው ነበር፤ ዕውቀቱ ያለው እዚያ ነው። እዚህ የቀረው ድካሙ ነው።

ይህን ስል ፓርኩ ባይኖር ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። በዚያ ደመወዝ ታናናሾቿን የምታስተምር ልጅ አውቃለሁ፤ ለእሷ የንግድ ሚዛን ንድፈ ሐሳብ ማስረዳት ነውር ነው። ገብረሕይወትም ቢሆን በሩ ይዘጋ ብሎ አያውቅም። ባቡርንም ንግድንም የሚመለከተው በአንድ ዓይነት ጥርጣሬ ነው፤ ለሚያውቅበት ሕዝብ ይጠቅማል፣ ለማያውቅበት ግን የሌላውን ዕቃ ማራገፊያ ብቻ ይሆናል።

የዓመቶቹ አገጣጠም ራሱ ያስቃል። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የተመረቀው መስከረም 2009 ላይ ነው፤ የእኛ ፓርክም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ። ልክ መቶ ዓመት። በድሮው ባቡር ይገባ ከነበረው ዋናው ጨርቅ ነበር፤ ያውም ለረጅም ጊዜ ገበያውን የያዘው የአሜሪካ አቡጀዲ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ልብስ ሰፍተን ወደ አሜሪካ መላክ ጀመርን። እድገት ነው ወይ? በከፊል አዎ። ድሮ ጨርቁን እንገዛ ነበር፤ አሁን ሌላው ያመጣውን ጨርቅ ሰፍተን እንመልሳለን። ከገዢነት ወደ ሰፊነት ከፍ ብለናል። ከሰፊነት ወደ ሸማኔነትና ነዳፊነት ያለው ደረጃ ግን ገና አልተወጣም። ወደ መቐለ ሊመጣ የታሰበው ባቡርም እስከ አሁን አልደረሰም።

ሌላ የሚመሳሰል ነገር አለ፤ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለው። ጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮቭስኪን ውል ተፈራረመች። በውሉ መሠረት በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በጥቅሉ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ተገደበ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም በዚያው ተጠቀሙ። እንግዲህ ነጋድራሱን አስቡት። የአገር ውስጥ ሥራ በቀረጥ ሊጠበቅ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው በሩ ላይ ተቀምጧል፤ የበሩ ስፋት ግን አስቀድሞ በሌላ ሰው ተለክቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ፓርኮቹ የተሠሩት የአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ይከፈትልናል በሚል ተስፋ ነው፤ አጎአ በሚባለው ሕግ። በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከዚያ ተሰረዘች። ውሳኔው የተሰጠው ዋሽንግተን ነው። ልጆቹ ከሥራ የቀሩት ደግሞ እዚህ ነው። ድሮ የመግቢያው በር ተለካብን፤ አሁን የመውጫው በር ተዘጋብን። ሁለቱን ያለያያቸው መቶ ዓመት ነው፤ አንድ የሚያደርጋቸው ደግሞ በሩን ለመደራደር የሚያበቃ ሌላ ነገር በእጃችን አለመኖሩ ነው።

ፓርኩ ግን ከአጎአም በፊት ቆሞ ነበር። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሳ ሼዶቹ ዝም አሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም፣ እስከ ጥቅምት 2015፣ ሁለት ዓመት። ስለዚያ ሁለት ዓመት እዚህ ዘርዝሬ አልጽፍም፤ የሌላ ጽሑፍ ነው፣ ምናልባትም የሌላ ሰው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ገብረሕይወት ስለ ጦርነት የሚለው ብቻ ነው። እሱ ጦርነትን የጀግንነት መድረክ አድርጎ አያየውም፤ የሀብት ማጥፊያ ነው የሚለው። ወታደሩ ከገበሬው ጎተራ ይበላል፣ ገበሬው ለሚቀማው እህል መድከም ይተዋል፣ ነጋዴው መንገድ ይፈራል፤ በመጨረሻ አገሩ ሰው ያጣል። አባቱን ጦርነት የወሰደበት ሰው ነው ይህን የሚጽፈው። ጽሑፉ ውስጥ ግን አያለቅስም፤ ሂሳብ ይሠራል።

ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር እኔ ገባሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ የድሮውን መረጃ መልሶ ማቋቋም ነበር። የማሽኖቹ ዝርዝር ተገኘ፤ ቁጥራቸው፣ ሞዴላቸው፣ የገቡበት ቀን ሳይቀር በወረቀት ታትሞ ነበር። ያልተገኘው የሙያ ሠንጠረዡ ነው። ይህ በየልብስ ፋብሪካው ያለ ቀላል ነገር ነው፤ በአንድ በኩል የኦፕሬተሮቹ ስም፣ በሌላ በኩል የሥራው ዓይነት፣ መገናኛው ላይ ማን ምን መስፋት እንደሚችል የሚያሳይ ምልክት። ጠፍቷል በቃ። ስለዚህ የተመለሱትን ልጆች አንድ በአንድ መጠየቅ ነበረብን።

ያ ሳምንት ከመጽሐፉ ይልቅ ገብረሕይወትን አስረዳኝ። አንዲት ልጅ ማሽን ከነካች ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗታል። «ኪስ እሞክራለሁ» አለች። ተቀመጠች፣ መርፌውን ዓይታ ክሩን አስገባች፣ ሦስተኛው ኪስ ላይ እጇ ተመለሰ። ሌላዋ በመሃሉ ባለው ጊዜ ቤቷ ውስጥ በእጅ ማሽን የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እየጠገነች ነው የኖረችው፤ ፋብሪካ ያስተማራትን ይዛ ሰፈሯን አለበሰች። ያልተመለሱም ብዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር የሄደውን ዕውቀት ማንም በንብረት መዝገብ ላይ አላሰፈረውም። የማሽኑ ዝርዝር ተጠብቆ የሰዎቹ ዝርዝር መጥፋቱ፣ እኛ ሀብት ብለን የምንመዘግበው ምን እንደሆነ ይናገራል። ገብረሕይወት ቢሆን መዝገቡን ገልብጦ ይይዘው ነበር። ማሽን በዶላር ይተካል። የሠለጠነ እጅ ግን በጊዜ ብቻ ነው የሚተካው፤ ጊዜ ደግሞ በእሱ ሂሳብ ዋናው ገንዘብ ነው።

ከእሱ ጋር የማልስማማበትም አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ አድልዎ ይሆናል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችን የከሰሰበትን ጥፋት መድገም ነው። «አእምሮ የሌለው ሕዝብ» የሚለውን አነጋገር ሲደጋግመው ይሰቀጥጠኛል። ትምህርት ቤት ያልገባ ገበሬ ስለ አፈር፣ ስለ ዝናብና ስለ ዘር የሚያውቀውን ከዕውቀት የቆጠረው አይመስልም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛው በዚህ አገር ሲናቁ ኖረዋል፤ የአገር ውስጥ ሥራ ለምን አላደገም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ንቀት ዋና ምዕራፍ መሆን ነበረበት ብዬ አስባለሁ። ሴቶች ደግሞ በሂሳቡ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ዛሬ ፓርኩ ውስጥ ብትገቡ ከላይኑ ላይ ቀና የሚሉት ፊቶች አብዛኞቹ የሴት ናቸው። ፈትሉን የምትፈትለዋ በእሱም ዘመን ሴት ነበረች።

በመሪ ላይ የነበረው እምነትም አለ። አንድ ብሩህ መሪ መጥቶ ከላይ ያስተካክለዋል ብሎ ነው ምክሩን የደረደረው፤ እንደ ጃፓኑ። እኛ ከዚያ ወዲህ ከላይ የመጣ ማስተካከያ ብዙ አይተናል። ፓርኮቹም ከላይ ከመጡት አንዱ ናቸው። ሕንፃው በፍጥነት ይደርሳል፤ ሪባን ይቆረጣል። ልጅቷ ከኪስ ሰፊነት ወደ ንድፍ ሥራ የምትወጣበት ደረጃ ግን ሪባን ስለሌለው ማንም አይመርቀውም።

እንዲያም ሆኖ፣ ለምን ተረሳ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ከሐሳቡ ድክመት የሚመጣ አይመስለኝም። ወጣት ሆኖ ሞተ፤ ዋናውን መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ተማሪ አላፈራም፤ የሚከራከርለትም ሆነ የሚከራከረው ትውልድ አልተከተለውም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ማለትም የእሱ ጥያቄ በዓለም መድረክ ላይ ለአሥርተ ዓመታት በሌሎች አፍ ከተነገረ በኋላ። እኛም ዘንድ ቢሆን ታሪክ ሲባል የሚቀድመን ነጋሪትና ጎራዴ ነው። የጉምሩክ ሹም ጀግና ሆኖ አያውቅም። ቀረጥ፣ ግብር፣ የድካም ሂሳብ፤ እነዚህ ዘፈን አይወጣላቸውም።

ለማንበብ ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። አጭሩንና ቁጡውን «አጤ ምኒልክ»ን አስቀድሙ፤ ሰውየውን ትተዋወቁበታላችሁ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። «ሕዝብ» ያለበት ቦታ የምታውቁትን አንድ ሰው አስገቡ፤ ሹራብ የምትሠራ እህት፣ ቡና የሚለቅም አጎት፣ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ። የመጨረሻው እኔንም ይመለከታል፤ የእኔ ሙያም በሰዓት እየተቆጠረ የሚሸጥ ድካም ነው። ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ገባ ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ደግሞ ከሥራው የተማረው ምን እንደሆነ ጻፉ። ሁለተኛው ዝርዝር ባዶ ከሆነ፣ ገብረሕይወት እንደሚለው ያ ሰው ደመወዝ እያገኘም እየደኸየ ነው።

እኔ ያንን የጠፋ ሠንጠረዥ መልሼ ስሠራው አንድ ዓምድ ጨምሬበታለሁ። ዓምዱ «ዘንድሮ የተማረችው» ይላል። ፋብሪካው አልጠየቀኝም፤ ታርጌቱ ላይም ምንም አይጨምርም። እስከ ዛሬ የተሞላው ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው፤ ከእነሱ አንዷ ላይ «ፓተርን ማውጣት፣ ጀማሪ» ተብሎ ተጽፏል።